ከአበባው ሸክላ የወጣችው

ከኦምዱርማን ማዶ፣ ጀሪፍ ሰፈር ሥራ የገባሁት ደቡቡ በተገነጠለ በማግስቱ ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን የቤቱ እመቤት ሐጃ ስሜን ሳትጠይቅ ወደ አበባ ሸክላዎቿ ወሰደችኝ። «ልጆቼ ናቸው፣ ያ ሐበሺያ» አለች፤ አንቺ ሐበሻ ማለቷ ነው። አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ በስሜ የጠራችኝን ቀን አላስታውስም።

ሥራው ይህ ነው። በማለዳ ግቢውን መጥረግ፣ ፀሐይ ሳይበረታ አበባውን ማጠጣት፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ሸክላዎቹን ሁሉ ሳሎን ማስገባት። ሸክላ ሲነሣ ዘንበል ተደርጎ ሥሩ ይታያል፤ ጊንጥ እርጥበት ይወዳል።

ነገሩ የሆነ ቀን ግን ሥሩን አላየሁም። ሰማዩ ቀልቶ ሐጃ ከበሩ ላይ «ያላ! ያላ!» እያለች ታጣድፈኝ ነበር።

ከሰዓት ነው። መብራት ጠፋ፤ ቤቱ የጡብ ቀለም ባለው ብርሃን ተሞላ። እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ከትልቁ ሸክላ ቀዳዳ አንድ ጥቁር ክር ወጣና በነጩ የሴራሚክ ወለል ላይ ያለ ድምፅ ይፈስ ጀመር። ይጠመዘዛል፣ ይፈታል። ዓይን የለውም፤ ራሱና ጭራው አይለይም። አልደነገጥኩም፤ ፈዝዤ ቀረሁ።

ሐጃ ሶፋው ላይ ወጣች። «እባብ! ሲህር ነው! ድግምት ከሀገርሽ ይዘሽብኝ መጥተሻል!»

«ወላሂ ሐጃ፣ ከሸክላው ነው የወጣው።»

«የእኔ ሸክላ እባብ አይወልድም። ነገ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

የመኖሪያ ፈቃዴ በእሷ ስም ነበር። ከዚያ ቤት ብወጣ ወረቀት የለኝም። በዚያ ላይ ሲህር ይዛ መጣች የተባለችን ሠራተኛ ማን ያስገባል? እባቡ ላይ ብርጭቆ ደፋሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ማዕበሉ ሲያልፍ የሐጃ ወንድም መጣ፤ ስለ እንስሳት የሚያስተምር ኡስታዝ ነው። ብርጭቆውን አንሥቶ እባቡን መዳፉ ላይ አደረገው። ሐጃ ጮኸች።

«ዕውር እባብ ናት፤ ሰው አትነካም» አለ። «የጉንዳንና የምስጥ እንቁላል ነው የምትበላው። የትውልድ አገሯ በህንድ በኩል ነው፤ በአበባ አፈር ተደብቃ ዓለምን ዞራለች። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ያለ ወንድ ይወልዳሉ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለች ሐጃ።

«ይህን ሸክላ ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ከኦምዱርማን ገበያ» አልኩ እኔ። «እሷ መረጠች፣ እኔ ተሸከምኩ።»

እባቧን ግቢው ካለው የኒም ዛፍ ሥር ለቀቅኳት። ደረቁ አፈር ውስጥ ስትሰምጥ ውኃ ውስጥ የገባች መሰለኝ። እስካሁን አንዳንዴ በሕልሜ ትመጣለች፤ ሴራሚኩ ላይ ትፈስሳለች፣ የሚጮህ ሰው የለም።

አልተባረርኩም። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልሰማሁም። ሐጃ ለጎረቤቶቿም ወንድሟ ያለውን ትታ ራሷ ያለችውን ነገረች። ከዓመታት በኋላ ጀብራ የሚባል ሰፈር ሥራ ልጠይቅ አንድ በር ሳንኳኳ፣ የከፈተችልኝ ሴት «የእባቧ ሐበሺያ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ከሀገር ለሚመጡ አዲስ ሠራተኞች የምለው ይህን ነው። ሸክላ ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ሥሩን እዩ። እመቤቲቱ እያየች እዩ።