ሳሎናችን ውስጥ የገረጣው ጫካ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጫካ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ጫካው ያለው አኳሪየም ውስጥ ነው። ከታች ጠጠር፣ መሃል ላይ ጉማሬ የሚያህል ድንጋይ (እሺ፣ ዳቦ የሚያህል)፣ በዙሪያው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚያድጉ እውነተኛ ተክሎች። ዓሦችም አሉ፤ ግን እነሱ ተከራዮች ናቸው።

አኳሪየሙን ያስቀመጥኩት የባለቤቴ ቡፌ በነበረበት ቦታ ነው። ቡፌው መኝታ ቤት ገብቶ ከአልጋው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ወደ አልጋዬ የምገባው፣ ሞልቶ በተረፈ ታክሲ ውስጥ ሂሳብ እንደሚሰበስብ ረዳት በጎኔ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሲኒ በፈለገች ቁጥር ፍራሹ ላይ ትንበረከካለች። ይህን ሁሉ የታገሰችው ቃል ስለገባሁላት ነው። «ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቂኝ፤ ሳሎናችን ጅማን ካልመሰለ ስሜን ቀይሪው» ብያታለሁ።

ሳሎናችን ግን ጅማን አልመሰለም። ተክሎቹ መጀመሪያ ገረጡ። ከዚያ ቁመታቸው ብቻ እየተሳበ፣ በአንዱ ቅጠልና በሌላው መካከል ታክሲ የሚያዞር ክፍተት ተፈጠረ። በመጨረሻ የታችኞቹ ቅጠሎች በጣም እንደበሰለ ጎመን መሟሟት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሲኒዋን ይዛ ከመኝታ ቤት ብቅ አለችና አኳሪየሙ ፊት ቆመች።

«ስማ» አለችኝ። «እናቴ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። ያን ቀን ይሄ ነገር አረንጓዴ ከሆነ ይቀመጥ። ቢጫ ከሆነ ግን ቡፌዬ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዓሦችህን ባልዲ ውስጥ አድርጋቸው፣ ብብትህ ውስጥ አድርጋቸው፣ እኔ አላውቅም።»

«ቢጫ እኮ ለእንቁጣጣሽ ይሄዳል። አደይ አበባ ነው በያቸው።»

አልሳቀችም። እሷ ካልሳቀች ነገሩ የምር ነው።

ምርመራ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም፤ በቋንቋቸው ሰላምታ እንኳ የማልችል ሰዎች ጠጠር ሲያጥቡ ሳይ ዋልኩ። የመጀመሪያውን ጥፋት ወዲያው አገኘሁ። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል እንደ ጎመን ችግኝ እስከ አንገቱ ቀብሬዋለሁ። ለካ ያ ወፍራም ግንዱ ጠጠር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ በክር ታስሮ ነው የሚኖረው። አውጥቼ አሰርኩት። መበስበሱን ተወ፣ ማደግ ግን አልጀመረም።

ከዚያ ውሃውን ጠረጠርኩ። የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ባልዲ ውስጥ ማደር አለበት ይላሉ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣበት ቀን ትልልቁን ባልዲ ለዓሦቹ ያዝኩ። እነሱ አርፎ በጠራ ውሃ ሲንፈላሰሱ እኛ ፊታችንን በብርጭቆ ታጠብን። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ አየር ነው ተባልኩ። ተክል እኛ የምናስወጣውን ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ስለዚህ እርሾና ስኳር በጠርሙስ በጥብጠህ የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ውሃው ላክ። ቱቦ ፍለጋ ፋርማሲ ሄጄ የግሉኮስ መስመር ገዛሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ከጠርሙሱ ወደ አኳሪየሙ የተዘረጋውን አይታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ዓሦቹ ግሉኮስ ተደረገላቸው?»

ሳልመልስላት በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው፤ አፍንጫቸው ከፊታቸው ቀድሞ ነው የገባው።

«ሽታው እኔ ጋ ድረስ መጥቷል» አሉኝ። «ጠላው ደረሰ ወይ?»

«ጋሼ፣ ለተክሎቹ ነው።»

«ለተክል ጠላ!» ብለው ባለቤቴን በሀዘን አዩዋት። «አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል።»

ጠርሙሱ በማግስቱ ገንፍሎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰና ያ ምዕራፍ በዚያው ተዘጋ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ ካላወራሁ ወሬዬ አይሄድም። አብነት ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እጃቸው ላይ የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ከሌለ ያመማቸው ይመስለኛል። ቤታችን ውስጥ ያላለበሱት ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ የሶፋው ክንድ አለው፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር የክት ልብስ አለው። እኔ ራሴ ብዙ ካልተንቀሳቀስኩ ተራዬ እንደሚደርስ አውቃለሁ። አኳሪየም መግዛታችንን እንደሰሙ በገመድ ለክተው ሄዱና፣ ከወፍራም ነጭ ክር የተሠራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዳንቴል ይዘው መጡ። የመስታወት ክዳኑ ላይ ተነጠፈ። ባለቤቴ በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ማስቀመጫ አኖረችበት። ከዚያ ሁሉ በላይ መብራቱ እንደ ቀጭኔ አንገቱን አጎንብሶ ያበራል።

እንግዳ ሲመጣ የሚያደንቀው የፕላስቲኩን ነው። «ወይ መለምለም! ምን እየሰጣችሁት ነው?» ይላል። እኔ ከታች ቢጫ ጫካዬን ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ከፊት በስተቀኝ ያለችው ተክል ብቻ ደህና ናት። አጠር፣ ፈርጠም ያለች አረንጓዴ። እዚያ ጋ ለዓሦቹ ምግብ ለመበተን የዳንቴሉን ጫፍ ሁልጊዜ አጥፌ እተወዋለሁ። ብልጥ ነኝ ባይ፣ ወዲያው ገባኝ አልኩ፤ ይቺ ተክል የዓሦቹን ምግብ እየበላች ነው የወፈረችው! ለሌሎቹም በየማዕዘኑ በተንኩላቸው። ውሃው የአጃ ሾርባ ሆነ። ዓሦቹ ከመጥገባቸው የተነሳ በጎን መዋኘት ጀመሩ። ቆሻሻውን መጥጬ፣ ውሃውን ቀይሬ፣ ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ። ቡፌው ከመኝታ ቤት ሆኖ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ለበዓሉ የቤቱን ዳንቴል በሙሉ ገፍፋ አጠበች። ኮሪደሩ ላይ ዘረጋችው፤ ክረምቱ ደግሞ ዳንቴል የሚያደርቅ ክረምት አልነበረም። በዚያው ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ወደ አኳሪየሙ ሳይ፣ ከገረጡት ቅጠሎች ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ አረፋዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ።

«ነይ! ነይ! እየተነፈሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች። ያዘቀዘቀውን መብራት አየች፣ ራቁቱን የቀረውን ክዳን አየች፣ ያቺን ፈርጣማዋን የማዕዘን ተክል አየች። ዳንቴሉ ታጥፎ የሚውለው እዚያ ጋ ብቻ ነበር። ለሁለታችንም እኩል ገባን። ተክሎቼ አንድ ክረምት ሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው የኖሩት!

ዳንቴሉ ለመድረቅ በዘገየ ቁጥር ጫካዬ ሰላም አገኘ። አዲስ ቅጠል አጭርና ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ ድንጋዩ ላይ ያሰርኩትም እንደ ጆሮ የተጠቀለለ ቡቃያ ዘረጋ። በዓሉ ሲቃረብ ሳሎናችን ጅማ ባይሆንም ጅማ መግቢያ ላይ ደርሷል። ግን ዳንቴሉም ደረቀ።

«አንተ ንገራት» አለች ባለቤቴ።

«እኔ? እናትሽ ናቸው።»

«አኳሪየሙ ያንተ ነው።»

«እሺ ሲገቡ እናልብሰው፣ ሲወጡ እናወልቀዋለን።»

«እስከ መስቀል ነው የምትቆየው!»

እስከ መስቀል! እስከዚያ ጫካው እንደገና ይገረጣል፣ ቡፌው በክብር ይመለሳል። ካላለበስኩት ደግሞ ያ ሁሉ የዓይን ብርሃን የፈሰሰበትን ሥራ በበዓል ቀን እንደመጣል ነው። አጣጥፌ ትራሴ ሥር ሸሸግኩት።

የእንቁጣጣሽ ዕለት አማቴ ገቡ፣ ተሳሳምን፣ ተመራረቅን። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ቤቱን ዞረ። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሲሊንደሩ እንደ ሙሽራ ደምቋል። አኳሪየሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምነው ይሄ ራቁቱን?»

ባለቤቴ ድንገት ኩሽና ውስጥ ሥራ በዛባት።

«እማማ» አልኩ፣ ላቤ ጆሮዬ ሥር እየወረደ፣ «ዳንቴሉ ከማማሩ የተነሳ መብራቱ አልፎት መሄድ አቃተው። ተክሎቹ ደግሞ ያለ ብርሃን አያድጉም። ሞተው ነበር እኮ፤ ለቅሶ ልንቀመጥ ነበር።»

ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ፤ ከለኩት ወዲህ ያለ ልብስ ሲያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እኔ እኮ ዓሦቹ ይበርዳቸዋል ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ! ሰፈሩን በወሬ የምታጥለቀልቅ ሰውዬ፣ ለዚች ብቻ አፍ አጣህ? አምጣው ዳንቴሉን!»

ከትራሴ ሥር አመጣሁት። ተቀበሉኝና ያን ለምለም የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ጥቅልል አድርገው አለበሱት። «ይሄ ብርሃን አይፈልግም» አሉ። ወንበር ስበውም አኳሪየሙ ፊት ተቀመጡ። «ያቺ ቀይዋ ዓሣ ታኮርፋለች አይደል?» እያሉ እስከ ምሳ አልተነሱም። ባለቤቴ ከኩሽና በር ላይ ሆና አየችኝ፤ አረንጓዴውን ጫካ አየች፤ ከዚያ ሲኒ ልታመጣ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ፍራሹ ሲጢጥ ሲል ሰማሁና ቡፌው ባለበት መቅረቱን አወቅኩ።

አማቴ ከመስቀል በኋላ ወደ አብነት ሲመለሱ ከጫካዬ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በማር ብልቃጥ ውሃ ውስጥ አድርጌ ሰጠኋቸው። መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። ሰሞኑን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያ ሳርህ ቢጫ ሆነብኝ።»

«እማማ፣ ብልቃጡ ላይ ምን አለ?»

ጥያቄዬን በሳል ሊያልፉት ሞከሩ።

«ትንሽዬ ናት» አሉኝ በመጨረሻ። «ደግሞ ስስ ናት።»