የኔታ ዛሬ የሠሩት መስመር

የኔታ ብሩሹን ሲያነሡ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ቀለሙ በመጨረሻው ደህና ወረቀቴ ላይ ጠብ አለ። ብሩሹን ልቀማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ንፋስ መውጫ ከተማ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። የጃፓን መነኮሳት በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሥሉትን ስልኬ ላይ ካየሁ ወዲህ ዕረፍት አጣሁ። ሥዕሉ ሰው ወይም ዛፍ አይደለም፤ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ልብ ሲረጋ ይመጣል ይላሉ። የኔ ልብ መቼ ሊረጋ! እሥላለሁ፣ እቀዳድዳለሁ።

ዛሬ የብራና ቀለም ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቤተ ልሔም ገዳም፣ አንድ አረጋዊ የብራና ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ቀለሙን ሰጡኝ። እሳቸው ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መጻፍ ትተዋል።

ሥዕሎቼን አሳየኋቸው።

"ልጄ፣ ስትሳሳቺ በምን ትፍቂዋለሽ?"

"የኔታ፣ በዚህ ሥዕል መፋቅ የለም። እጅ እንደሄደ ይቀራል።"

እጃቸውን ዘርግተው "እስቲ ብሩሹን አምጪው" አሉ። ያ ጠብታ የወደቀው ያኔ ነው። እሳቸው ግን አላቆሙም፤ እየተንቀጠቀጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሳቡ።

መስመሩ ሕይወት አለው። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

"አበላሸሁብሽ?" አሉኝ።

"ኧረ የኔታ! እኔ አንድም ቀን እንዲህ አልሆነልኝም።"

"እንግዲያስ ሌላ ወረቀት ጨምሪልኝ።"

ተራ ወረቀትም ቢሆን ያለኝን ሁሉ ትቼላቸው መጣሁ። አሁን ቤቴ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው የምጽፍላችሁ። እናንተስ፣ "በቃኝ" ብሎ የተወውን ሥራ መልሶ ሲጀምር ያያችሁት ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።