ጀርባ ለጀርባ የቆምንበት የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ

ሰሞኑን የመጨረሻ ልጄ ለፈተና ስታጠና ደብተሯ ላይ የሴል ሽፋን ሥዕል አየሁና እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ክብ ክብ ራሶች፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሁለት ጅራት። ፎስፎሊፒድ ይሉታል። እኔ ግን ስሙን ሳነብ የሚመጣብኝ ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው የክፍሌ ልጅ ላሚሶ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የእኛ ቤት ከተማው ውስጥ፣ ታቦር ሰፈር ነው፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቤታችን ኮስተር ያለ። ላሚሶ የገበሬ ልጅ ነው፣ ቀጭንና ዝምተኛ። ከጓሯቸው የለቀመውን ዘይቱን በቦርሳው ያመጣልኝ ነበር፤ ሽታው ደብተሬ ላይ ሰንብቶ ይቆያል። ወድጄው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ምን አሳፈረኝ፣ በጣም ወድጄው ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር አስራት ሥዕል አይሆንላቸውም። ጠመኔ ከማባከን ተማሪ ማስነሣት ይቀናቸዋል። የፍቼ ዘመን መለወጫ ሊደርስ ሲል፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሜዳ ላይ አውጥተው በሁለት ረድፍ ጀርባ ለጀርባ አቆሙን።

«እያንዳንዳችሁ ፎስፎሊፒድ ናችሁ» አሉ። «ፊታችሁ ራስ ነው፣ ውኃ ይወዳል። ጀርባችሁ ጅራት ነው፣ ከውኃ ይሸሻል። ሴሉ ውስጥም ውጭም ውኃ ነው። ታዲያ ጅራት የት ይደበቅ?»

«መሐል» አልን።

«ማን አስሮ አቆማቸው?»

መልሱንም ራሳቸው ሰጡ።

«ማንም። ገመድ የለም፣ ሙጫ የለም። ጅራታቸው ከውኃ ስለሚሸሽ ብቻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ጎን ለጎን እንደልባቸው ይንሸራተታሉ፤ ተገልብጦ ወዲያኛው ረድፍ መግባት ግን ብርቅ ነው።»

ከጀርባዬ የቆመው ላሚሶ ነበር። የጀርባው ሙቀት በዩኒፎርሜ ያልፋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለፍቼ ጭፈራ ጉዱማሌ ሜዳ ነይ» አለኝ። «እናቴ የቆጮ ቡርሳሜ በቅቤ ሠርታ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ላስተዋውቅሽ። ካልመጣሽ እንዳልፈለግሽኝ አውቃለሁ። ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

እንዲህ ያለ ነገር ፊቱን ሳላይ እንዴት ልመልስ? ዞርኩ። እሱም አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጠብቀኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቲቸር አስራት፣ «ጅራትሽን ለውኃ ሰጠሽው እኮ። ሴሉ ፈሰሰ!»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አውካካ። አፍሬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ እመጣለሁ ልለው የነበረው አፌ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «ጅራት» ሆነ። የፍቼ ዕለት አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ እስከ ግቢያችን በር ወጣሁ። ሰዉ አምሮበት ወደ ጉዱማሌ ይወርዳል። የክፍሌ ልጆች እዚያ እንደሚሆኑ ትዝ አለኝ፤ «ጅራት መጣች» ሲሉኝ፣ እናቱም ስትሰማ ታየኝ። ተመልሼ ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ላሚሶም ቃሉን ጠበቀ፣ ዳግመኛ አላስቸገረኝም። ዘይቱኑም ቀረ። በዓመቱ ለትምህርት ሩቅ አገር ተመደበና ወሬው ጠፋ።

የልጆቼን አባት ማማቴ አይደለም፤ ደግ ሰው ነው። ግን ገበያ ውስጥ ዘይቱን በሸተተኝ ቁጥር በር ላይ የቆምኩባት ሰዓት ትመጣብኛለች። ይናፍቀኛል። እሱ ብቻ ሳይሆን፣ እስከ በር የወጣችው ልጅም ትናፍቀኛለች።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም» አለች ልጄ።

ሥዕል እኔም አይሆንልኝም። አስነሣኋትና ጀርባ ለጀርባ ቆምን፤ ቲቸር እንዳስረዱን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ከዞርሽ ሴሉ ይፈሳል አልኳት። የጀርባዋ ሙቀት ተሰማኝና ንግግሬ ተቋረጠ።

«እማዬ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

ዞርኩና አቀፍኳት።

«ዞርሽ እኮ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ሴሉ ፈሰሰ።»

«ይፍሰስ» አልኳት።

ይህችን አንዲት ቃል ያን ቀን ለቲቸር አስራት መልሼላቸው ቢሆን ኖሮ።