በግ መራጩ ፈንታ

በመንዝ፣ በዘመሮ አካባቢ አውራ በግ ለዘር የሚቀረው ፈንታ ከዳሰሱት በኋላ ነው። የአርቢዎቹ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ጠቦቶቹን ይሰበስባል፤ እሳቸው ጀርባውን፣ ላቱን፣ መንጋጋውን በእጃቸው ይፈትሻሉ። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ለሙክት ይሄዳል። ጉድለቱ የሚነገረው ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ዞር ብሎ ማውራት በማኅበሩ ነውር ነው።

ፈንታ አያዩም። ወደ አርባ ሲጠጉ ማታ ማታ ዳፍንት ጀመራቸው፤ ቆይቶ ቀኑም ጨለመ። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ። «የፈንታ ዘር» የሚባለው መንጋ ግን እስከ ቀየት ገበያ ድረስ ይታወቃል፤ ስሙ ሲነሳ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

በዘንድሮው ምርጫ ቀን ልጃቸው ኮከብ ከደብረ ብርሃን መጣች። መምህርት ናት፤ አግብታለች፤ አልወለደችም። እሷም ሲመሽ መደናበር ጀምራለች። ሐኪም በሽታው በዘር እንደሚሄድ፣ ልጇም ሊወርሰው እንደሚችል ነግሯታል። ውጭ አገር ግን ብዙ ፅንሶችን ከማኅፀን ውጭ ጀምረው፣ መርምረው፣ በሽታው የሌለበትን መርጠው በማኅፀን የሚያኖሩ አሉ፤ ወደፊት ደግሞ የተበላሸውን ዘር ራሱን የሚያርሙ ይመጣሉ ብሏታል። ባሏ ተስማምቷል። እሷ ያለ አባቷ ምርቃት አልሄድም ብላለች።

ስትደርስ ፈንታ የጎረቤታቸውን የዳኜን ጠቦት ከምርጫው ጥለውበት ነበር።

«መንጋጋው ገጥሞ አይዘጋም። ይኮላሽ።»

«ዓይን ቢኖርዎ መልኩን አይተው ይራሩለት ነበር» አለ ዳኜ።

«እንኳን አላየሁት።»

ኮከብ አጠገባቸው ተቀምጣ የሐኪሙን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «አባባ፣ ሰውስ እንዲህ ቢመረጥ ኃጢአት ነው?»

«በእኔ ጊዜ ቢመርጡ ኖሮ እኔ ቀርቼ ነበር። አንቺም።»

«አውቃለሁ።»

«ሙክት ነበርን በያ።»

ዳኜ ሳቀ፤ ኮከብ አልሳቀችም። «እኔ የምፈልገው እርስዎን የሚመስል ልጅ ነው። ግን የሚያይ።»

ፈንታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዓመታት በፊት ገበያው ቀይና ነጭ ሲወድ፣ ጥቁሩን አውራ ሁሉ እያስኮላሹ ከመንደሩ አጥፍተውት ነበር። ዋጋ ወጣ፤ ሰው መረቃቸው። በኋላ ሚስታቸው ጌታነሽ ለበርኖስ የምትፈትለው ጥቁር ጠጉር አጣች። በርኖስ፣ ጥቁሩ የበግ ጠጉር ካባ፣ ደግሞ የመንዝ መታወቂያ ነው። ጌታነሽ እየመራቻቸው ቀየት ድረስ ሄደው ጥቁር አውራ ለምነው መጡ።

«ቀይ ፈለግሁ፣ ቀይ አገኘሁ» አሉ። «በጣልሁት ውስጥ በርኖስ እንዳለ አልጠየቅሁም።»

«ዓይን ቀለም አይደለም፣ አባባ።»

ፈንታ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«አይደለም። ዳፍንት ሲጀምር እንዴት እንደሚያስፈራ አውቀዋለሁ። ሂጂ፤ ዓይኑን ይምረጡልሽ። ቁመቱን፣ መልኩን፣ ጠባዩን እንምረጥ ካሉሽ ግን ትተሻቸው ነይ።»

«ፅንሶቹ ሁሉ ላይ በሽታው ቢገኝስ?»

«ከዚያው አንዱን ውለጂዋ። እኔን ወለድሽ ማለት ነው። ምን ጎደለብኝ?»

ኮከብ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። በግ በዳሰሱበት እጃቸው ራሷን ይዘው መረቋት፤ ምርቃቱ ረዘመ፤ ዳኜ ቆሞ አሜን አለ። ከዚያ ፈንታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀጥሎ ያለውን አምጣ።»

«ይኼ ጥቁር ነው፤ ላቱም ቀጭን ነው» አለ ዳኜ።

«ላቱን እኔ ልይ» አሉ።