ሃምሳ ኪሎዋ ተሳፋሪ

ጋሽ ሴንቲ በልብስ ሰፊነት በኖረባቸው አርባ ዓመታት ለአንዲት ሴት እንኳ የወገቧን ልክ እውነቱን ነግሮ አያውቅም። ሜትሩ ሰማንያ ስድስት ካለ እሱ ባፉ ሰማንያ አራት ይላል፤ ደብተሩ ላይ ግን ሰማንያ ስድስቱን ይጽፋል። ቀሚሱ ልክክ ሲል ደንበኛዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ጋሽ ሴንቲ ይህን ውሸት አይለውም፤ የሙያ ጨዋነት ነው ባይ ነው። ምስጢሩን የምታውቀው አጠገቡ ቁጭ ብላ ቁልፍ ስትተክል የኖረችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ሱቁን የዘጋ ጊዜ አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዛና ወንበሮቹን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ ገበር ያለው መጋረጃ፣ ምን የቀረ ነገር አለ። ከጋቢናው በላይ ደግሞ አንድ ቁምሳጥን ሠራ፤ በሩ አልገጥም ብሎ ከመንቋቋቱ በቀር ያማረ ቁምሳጥን ነው። ይኸው ቁምሳጥን ግን በክብደቱ የመኪናዋን አፍንጫ ደፋው።

ይህ የታወቀው ለሙከራ በወጡበት ቀን ነበር። ሲመለሱ መሸባቸውና የፊት መብራቱን ቢያበራው የሚታየው ጎማው ሥር ያለው አስፋልት ብቻ ሆነ። አንድ የቆመ ጋሪ ለጥቂት ሳቱ። 

እቤት ደርሰው ሚስቱ እንደወረደች፣ "ይቺ መኪና የምታየው የገዛ ጫማዋን ነው። መብራቷ ቀና እስኪል እግሬን አላነሳባትም" አለችው።

የሁለት ቀን መንገድ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው ወልዳ በዚህችው መኪና ይመጣሉ ብላ እየጠበቀቻቸው ነው። ሚስቱ በማግስቱ ሄዳ ለእሁድ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች፤ አንድ ትኬት፣ ለራሷ። ጋሽ ሴንቲ መኪናዋ ውስጥ ሁለት ኩባያ ወደሰቀለበት ግድግዳ፣ ሁለት ትራስ ወዳኖረበት አልጋ አየና ከፋው። ለሁለት የሠራውን ቤት ብቻውን እየነዳ ምን ሊሆን ነው?

መካኒኩ ዘዴውን ነገረው። ሜዳው ደልዳላ ይሁን፤ መኪናዋን ከግድግዳ አሥር ሜትር አርቀህ አቁም፤ ስትጓዝ የምትይዘውን ሁሉ ጫንባት፤ ጋቢና የሚቀመጡትም ይቀመጡ፤ ከዚያ መብራቱ ጀርባ ያለችውን ቪቴ ማዞር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሴንቲ መኪናዋን የዱቄት መጋዘን ውስጥ አስገባና በሩን ዘግቶ አጨለመው። በርሜሉን ሞላ። ግድግዳው ላይ በደረቀ ሳሙና፣ ቀሚስ እንደሚቆርጥ ሰው፣ መካኒኩ በነገረው ከፍታ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። መጋዘን ጠባቂው መሪውን ይዞ ተቀመጠለት። የቀረው የሚስቱ ቦታ ነው፤ እሷ ደግሞ አልገባም ብላለች።

"ጆንያ እናስቀምጥ። እትዬ ስንት ኪሎ ናቸው?" አለ ጠባቂው።

"ሃምሳ።" ምላሱ ቀደመው። የአርባ ዓመት ልማድ ነው።

ጠባቂው ጉሮሮውን ጠረገና ባለ ሃምሳ ኪሎ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ጋሽ ሴንቲ ጆንያውን አቃንቶ አስቀመጠ፤ ቀበቶም አሰረለት። ከዚያ ካቻቪቴውን ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል አረፈደና የመብራቱን ጫፍ ከሳሙናው መስመር ጋር ልክ እንደ ኮሌታ ገጠመው። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሚስቱን ሊጠራ ሮጠ።

መጣችና መጀመሪያ ያየችው ጆንያውን ነው። "ይሄ ማን ነው?"

"አንቺ ነሽ።"

"እኔ?" ከላይ እስከ ታች አየችው። "ቀበቶም አስረህልኛል። ደግ አደረግህ።"

መስመሩን አሳያት። ጎንበስ ብላ መረመረችና ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው። ጆንያው ወረደ፣ እሷ ወጣች፤ የወንበሩ ስፕሪንግም ሲጥ አለ። ግድግዳው ላይ የነበረው ብርሃን ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ።

ሦስቱም ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ጠባቂው መሪውን ይወለውል ገባ። ጋሽ ሴንቲ የፊት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። "ጎማው... ነፋሱ ቀንሶ ይሆናል" አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ መሬት የተቀመጠውን ጆንያ አየች። ሃምሳ የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል።  ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጋሽ ሴንቲ አለቀሰች ብሎ ሲደነግጥ ለካ እየሳቀች ኖሯል።

"በእኔም ትሠራው ጀመር?" አለች እንባዋን እየጠረገች። "እውነቱን ደብተርህ ላይ ብትጽፈው ስንት ኪሎ ነኝ?"

"ሰባ ስምንት" አለ ጋሽ ሴንቲ።

"ሰማንያ አንድ ነኝ። በል ቪቴህን አዙር፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ።"

እሱ ቪቴውን ያዞራል፣ እሷ ከጋቢና "ቀና አድርገው፣ ትንሽ፣ ይብቃህ" ትለዋለች። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወጥቶ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ጋሽ ሴንቲ ቀና ብሎ አያት፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣ። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች። የአውቶቡስ ትኬቷን አውጥታ አራት አጠፈችውና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የሚንቋቋው የቁምሳጥን በር ሥር ሸጎጠችው። በሩ ገጠመ።