ጠበሉ ዳር ዝም ያለው ሰውዬ

ከአምበር የወጣሁት ባሌ ኪዳን እያደረሰ ነው። ሰዓቱን መርጬ ነው፤ ለቄስ ሚስት ከዚያ የተሻለ መጥፊያ ሰዓት የለም። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ የሐምሌው ጭቃ ጫማዬን እየጎተተብኝ ወደ አስፋልቱ ስወርድ ድምፁ በማይክራፎን ይከተለኛል። ድምፀ መረዋ ነበር፤ ይኼን አልክድም። ነጋዴውም አስተማሪውም ለዚያ ድምፅ ብሎ ሞቃት መኝታውን ይተው ነበር። ሚኒባሱ በር ላይ ስደርስ ረዳቱ አወቀኝና "እትዬ፣ ቄስ እንዴት አደሩ?" አለኝ።

"እየሰማኸው አይደል?" ብዬው ገባሁ።

ይኼን የምጽፈው አምበርና ደብረ ማርቆስ ተቀምጣችሁ እስከ ዛሬ "ትርንጎን ምን ነካት?" ለምትሉት ነው። ስትጠይቁ የምትኖሩት መልሱን ፈልጋችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለወሬ ማጣፈጫ ነው። ቢሆንም ልንገራችሁ፤ እንደኔ በሰው አገር ሆና አንጀቷ ያረረ አንዲት እህት ካነበበችውም ይበቃኛል።

እኔና ቄስ አንማው በቁርባን የተጋባን ነን። በቁርባን ያገባ ቄስ ሌላ ሴት ከነካ ክህነቱ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ መቀደስ የለም፣ መስቀል ይዞ ማሳለም የለም። ይኼን የአምበር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አንማው ለስብሰባ እያለ ደብረ ማርቆስ ሲመላለስ ሴት ለመደ። ሰው አይደለም የነገረኝ፤ ራሱ ነው። እኔ ድንች ስልጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ እያለቀሰ ነገረኝ። አዘንሁለት። "ክህነትዎን ያስቀምጡ፤ ንስሐ ይግቡ፤ እኔ አለሁ" አልሁት። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው።

"የሚቀድሱ ልዑካን የሉም እኮ ትርንጎ" አለኝ። "እኔ ከቀረሁ ቅዳሴው ይታጎላል።"

አያችሁ? ለራሱ አይደለም፣ ለታቦቱ አዝኖ ነው! እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ያለ አንማው ፈጥሮ ሲያበቃ የአምበርን ቅዳሴ ግን ያለ እሱ መወጣት አቃተው። እሑድ ሲመጣ እንባውን ጠርጎ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ ገባና ቀደሰ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ተሰለፈ። እኔም እንደ ልማዴ ተሰልፌ ደረስሁ። መስቀሉን ዘረጋልኝ። አንገቴን ልደፋ ብዬ አልደፋ አለኝ። መስቀሉን ንቄ አይደለም፤ ያን የያዘውን እጅ አየሁና ዞሬ ሄድሁ።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ብልሃት የመጣው። ሰው ከመስቀል ሲሸሽ ስታዩ የምታውቁት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ሰይጣን አለበት። በሳምንቱ ሁለት ጎረቤቶቼ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው ጠበል ወሰዱኝ። ብርዱ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ የሚወርድበት ወር ነው። ነጭ ቀሚስ አልብሰው ከውሃው ስር አቆሙኝ። የሚያጠምቁት የእኔም የአንማውም የንስሐ አባት መምሬ ላቀው ነበሩ፤ ቅን ሰው ናቸው፣ የሚያውቁትም ነገር አልነበረም።

"ማን ነህ አንተ? ተናገር!" አሉ።

"ትርንጎ ነኝ።"

"ይዋሻል!" አለ ሕዝቡ።

"ከየት ያዝሃት?"

"አባቴ፣ ቤቴ ነበርሁ እኮ፤ ከየትም አልመጣሁ።"

"እቤቷ ነው የያዛት!" አለች አንዷ ጎረቤቴ፣ ሰማይ የተከፈተላት ይመስል።

አንማው ቆሟል። መስቀሉን ደረቱ ላይ አስደግፎ መሬት መሬት ያያል። "ተዉአት፣ ጤነኛ ናት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እኔ ብናገርማ ማን ያምነኛል? ሰይጣኑ ቄሱን ስም አጠፋ ተብሎ ሌላ ባልዲ ይጨመርልኛል። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ቀና አላለም። ውሃው ወረደብኝ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ በመጨረሻ አንማው መስቀሉን ወደ አፌ አመጣው። ብርዱ አሸነፈኝና ሳምሁት። እልልታው ቀለጠ! ሰይጣኑ ወጣ ተባለ። እሱም ከሕዝቡ ጋር "ስብሐት ለእግዚአብሔር" አለ።

የደብረ ማርቆሷን ሴት ይቅር ማለት ይቻለኝ ነበር። እሷ እኔን አታውቀኝም። ያን "ስብሐት ለእግዚአብሔር" ግን ይቅር የምልበት ልብ አጣሁ። በሐምሌ ወጣሁ፤ በቤት ሠራተኝነት ኩዌት ገባሁ።

የኩዌቱን ኑሮ አላስረዝመውም፤ የሰው ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሠራችሁም አይግባችሁ። እመቤቴ እግሯን ልትታከም ጀርመን አገር ሙኒክ ስትሄድ ሻንጣ ተሸካሚ አድርጋ ወሰደችኝ። እሷ ራጅ ክፍል ስትገባ እኔ በዋናው በር ወጣሁና ያገኘሁትን ፖሊስ ያዝሁት። ፖሊስ ሰውን ሲይዝ እንጂ ሰው ፖሊስን ሲይዝ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ደነገጠ።

ከዚያ አንሄሩንግ የሚሉት አለ፤ ለምን እንደተሰደድሽ ጠይቀው የሚመዝኑሽ። ሰውዬው መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፤ አስተርጓሚዋ የእኛው አገር ልጅ ናት።

"ባልሽ ይመታሽ ነበር?"

"አልመታኝም።"

"ፖለቲካ ውስጥ ነበርሽ?"

"የለሁበትም።"

"ታዲያ ከምን ሸሸሽ?"

"ከኃጢአት።"

አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ "እሙዬ፣ ሌላ ነገር በይ" አለችኝ በአማርኛ። ሌላ የለኝም አልሁ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሴቲቱን፣ መስቀሉን፣ ጠበሉን። ሰውዬው ጽፎ ጽፎ ቀና አለና "ባል ሌላ ሴት መያዙ የስደት ምክንያት ቢሆን ኖሮ እዚህ አገር ማን ይቀር ነበር?" አለ። ስለ ጠበሉ ደግሞ "ውሃው ሙቅ ነበር ቀዝቃዛ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይኼ ነው እንግዲህ የአውሮፓ ፍርድ።

ጥገኝነቱን ከለከሉኝና ዱልዱንግ የምትባል ወረቀት ሰጡኝ፤ ታግሠንሻል ማለት ናት። ይቅር አላሉኝም፣ አላባረሩኝም። እሷን እያሳደስሁ የአረጋውያን እንክብካቤ ተማርሁ፤ ዛሬ በሽማግሌዎች ቤት እሠራለሁ። ሥራው ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ልጆቻቸው አይጠይቋቸውም፤ አንዱ ይሞትና ልጁ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአባቱ የእጅ ሰዓት የት እንዳለ ነው። እናንተ ተዝካር ስትደግሱ የምታሳዩት ግብዝነት እንኳ እዚህ ይናፍቃል፣ ቢያንስ ወጥ አለው። እዚህ ክኑደል የሚሉት አለ፤ የድንች ሊጥ ድብልብል ነው፣ ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ የታመመ ሰው ምግብ ለጤነኛ ያቀርባሉ። ጾም ነኝ ስል ደግሞ ለማቅጠን ይመስላቸዋል።

የቤቴ አከራይ ከስሬ የምትኖር ባልቴት ናት። አንድ ጠዋት በሬን ደበደበች።

"በየማለዳው ጣራዬን የሚመታው ምንድን ነው? ስፖርት ነው?"

"ስግደት ነው። ጸሎት።"

"እግዚአብሔርሽ ጆሮው አይሰማም?"

"ባሌ ኃጢአት ሠርቶ ነው" አልኋት፤ ጀርመንኛዬ ያን ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

"የእኔም ሠርቷል" አለችኝ። "ፈታሁት እንጂ የሰው ጣራ አልደበደብሁም።"

ምንጣፍ አነጠፍሁ። ግን ነገሯ ቆየብኝ። በእውነት ለምን ነበር የምሰግደው? ለእሱ ምሕረት እንዳይመስላችሁ። እግዚአብሔር ያን ጠበል ዳር የነበረውን እንዳይረሳብኝ እያሳሰብሁ ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ይታይሽ ከአገር ቤት ደወለችና ያላሰብሁትን ነገረችኝ። አንማው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት፣ ልብሰ ተክህኖ ሳይለብስ ሕዝቡ ፊት ወጣ። ጥምጥሙን ፈታ። መስቀሉን ለመምሬ ላቀው አስረከበ። "ክህነቴ ከፈረሰ ቆየ፤ አታልያችኋለሁ" አለ። "ጠበል የወሰዳችኋት ሚስቴ ጤነኛ ነበረች፤ እኔ አውቅ ነበር።"

"ሕዝቡስ?" አልኋት።

"ሕዝቡማ ተናደደ እንጂ! ምናለ ዝም ቢል? አሁን እሱ ያጠመቀው ልጅ ሁሉ ምን ሊሆን ነው እያለ።"

መምሬ ላቀው ጥምቀቱ ጥምቀት ነው ብለው አረጋጓቸው። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ እሱን መሸሽ ሆነ። ኃጢአቱን ተሸክሞ ሲቀድስ ጉልበቱን የሳማችሁት ሰዎች፣ ኃጢአቱን ሲያወርድ መንገድ ቀየራችሁበት። ክንዴን ይዛ የወሰደችኝ ጎረቤቴም "እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር" ትላለች አሉ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ "ትርንጎ፣ በደልንሽ" ብሎ አልደወለም። እናንተን ከመናቅ የበለጠ የሞቀ ልብስ በዚህ ብርድ አላገኘሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኛል።

እሱ ግን ይደውል ጀመር። መጀመሪያ ሲደውል ስለ ራሱ ጥፋት ብቻ ነበር የሚያወራው። "እኔ ይሁዳ ነኝ፤ ለእኔ ምሕረት የለም" ይላል። "ይሁዳ እንኳ ሚስቱን ጠበል አላስገባም" እልና እዘጋለሁ። ይታይሽ እንደነገረችኝ እህል እምቢ ብሎ፣ ከሰው ሸሽቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ነበር የሚውለው። መምሬ ላቀው "ይሁዳን ያጠፋው መሸጡ ሳይሆን ተስፋ መቁረጡ ነው" እያሉ፣ ቆሎ በእጃቸው እያጎረሱ አተረፉት። ቀኖናውን ሰጡትና ፈጸመ። ዛሬ እንደ ማንኛውም ምእመን ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ይቀዳል፣ ሣር ያጭዳል።

አሁን ፍልሰታ ነው። አገሩ በሙሉ የሚቆርብበት ጾም። ትናንት ለምሳ ዕረፍት የሽማግሌዎቹ ቤት በረንዳ ላይ እንደተቀመጥሁ ደወለ።

"ትርንጎ፣ እንዴት ዋልሽ?"

"ምን ፈለግህ?"

"መምሬ ቀኖናህን ጨርሰሃል፣ ቁረብ ብለውኛል። ግን የበደልሃት ሰው በሕይወት እያለች ሳትታረቅ አይሆንም አሉ። ፍልሰታ ሳያልፍ ብዬ ነው።"

አፌ ላይ የመጣውን አልሁት። "እግዜር ይቅር ይበልህ።"

ለነዳይ ፍራንክ የሌለው ሰው "እግዜር ይስጥህ" ብሎ እንደሚያልፈው ነበር ያልሁት። እሱ ደግሞ ስንቱን ሲያናዝዝ የኖረ ሰው ነው፤ አይታለልም።

"የእሱንማ እሱ ያውቃል" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ የመጣሁት ወዳንቺ ነው። እዚያ ጠበል ዳር አይተሽኝ ነበር። ቀና ማለት አቃተኝ እንጂ አይቼሻለሁ። ሰው ፈራሁ።"

ይኼን ብሎኝ አያውቅም። ይሁዳ ነኝ፣ አፈር ነኝ፣ ጭቃ ነኝ ሲል ነው የኖረው፤ አይቼሻለሁ ግን ብሎኝ አያውቅም። አለቀስሁ። የምመግባት አሮጊት ከመስኮቱ ስታየኝ ነበር፤ ፊቴን አዞርሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣም። ይኼን ሁሉ ዘመን አንማውን እየናቅሁ ነው ጠዋት የተነሣሁት፤ ይቅርታውን ከሰጠሁት በምን እንደምነሣ አላወቅሁም። በስልኩ ውስጥ ደወል ሲደወል ሰማሁ።

"ለቅዳሴ ሊገቡ ነው?" አልሁት።

"አዎ። እኔ ደጅ ነኝ።"

ስልኩን ልዘጋው ነበር።

"ነገ ደውል" አልሁት።

"መቼ?"

"ከቅዳሴ በፊት።"