ኦቦ ቶሎሳን ውሸታም ያልኩበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቡራዩ ውስጥ ነው። የማልረሳው አንድ ትልቅ ሰው በአደባባይ ስላዋረድኩ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት ከዚያ በፊትም በኋላም ሞክሬ አላውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ አከራዬ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲራመዱ ግን ከእኔ ይፈጥናሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን በመዳፋቸው ተጭነው አገኘኋቸው። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ባለቤታቸው ለቅሶ ሊደርሱ ሆለታ ሄደዋል።

«ደረቴን ድንጋይ የተጫነኝ መሰለኝ፤ ክንዴም ዝሏል። ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የድንገተኛ ክፍሉ በር ተጨናንቋል። አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ የተጎዱት ገና እየገቡ ነበር። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ በሽተኛውን እያየች ካርድ ታድላለች። ቀይ የተሰጠው ወዲያው ይገባል፣ ቢጫ ትንሽ ይጠብቃል፣ አረንጓዴ ደግሞ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል። ቀድሞ መምጣት ዋጋ የለውም።

ኦቦ ቶሎሳ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «አካም ጅርቱ፣ አባ?» ስትል ደህንነታቸውን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

ቀና አሉ። «ናጋ፣ ገለታ ዋቃ! ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና?»

«ምን አመመዎት?»

«ትንሽ ጨጓራ ናት።»

አረንጓዴ ሰጥታቸው ወደ አንድ የሚደማ ሰው ሮጠች።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ግን የሰፈራችን ሰው ሞልቷል፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰውን በሰው ፊት ማረም ነውር መሰለኝ። ዝም ብዬ ሃያ ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጣቱን የተቆረጠ አንድ ጎረምሳ ግቢውን በጩኸት ሲያናውጠው፣ እሳቸው «አይዞህ» ይሉታል።

ከዚያ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ መጣች። ኦቦ ቶሎሳ ወንበራቸውን ሊለቁላት ተነሱ። ሲነሱ ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ግድግዳውን ያዙ።

«እህቴ፣ ይዋሻሉ!» ብዬ ወደ ነርሷ ጮህኩ። «ደህና አይደሉም! ጠዋት ደረቴን ድንጋይ ተጫነኝ ብለውኛል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ኦቦ ቶሎሳ አፈጠጡብኝ። «እኔን ነው ውሸታም የምትዪው?»

ነርሷ ግን እጃቸውን ይዛ ገና ስትዳስስ ፊቷ ተለወጠ። ካርድ እስኪቀየርም አልተጠበቀም፤ በአልጋ እየገፉ አስገቧቸው። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ «ልባቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጠበቅ አልነበረበትም» አለኝ።

ድነው ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ላኩብኝ። ክሱ «በሰው ፊት ውሸታም አለችኝ» የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን እየዋጡ ጥፋተኛ አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም መረቁኝ።

እውነቱን ለመናገር ይቅርታው ከአንጀቴ አልነበረም። ውሸታም ማለቴ አንድ ቀን እንኳ ቆጭቶኝ አያውቅም። የሚቆጨኝ ጨዋ ሆኜ ዝም ያልኩባት ሃያ ደቂቃ ናት። ለእሷ ደግሞ ሽማግሌ የላከብኝ የለም።